አልበራ ያለ ማሞቂያ፦ የማቋረጫ ክፍሎች አመጣጥ

ሶኬት ላይ ተሰክቶ አልበራ ያለ ተንቀሳቃሽ የኤሌክትሪክ ማሞቂያ ሲያጋጥም ብዙውን ጊዜ በመጀመሪያ የሚጠረጠረው ሙቀት የሚሰጠው ሽቦ መቃጠሉ ነው። ይህ ጥርጣሬ ለቀደምቶቹ ማሞቂያዎች በአመዛኙ ትክክል ነበር። በዛሬዎቹ ግን ኤሌክትሪኩ ሽቦው ዘንድ ከመድረሱ በፊት በተርታ የተያያዙ በርካታ ማቋረጫዎችን ማለፍ ስላለበት፣ ከእነርሱ አንዱ ከተከፈተ ሽቦው ጤነኛ ሆኖ ሳለ ዕቃው አይሠራም። ማቋረጫዎቹ በተለያየ ዘመንና በተለያየ ምክንያት የተጨመሩ በመሆናቸው፣ ብልሽቱን ለመፈለግ አመጣጣቸውን ማወቅ ይጠቅማል።

በሽቦ ውስጥ የሚፈጠረው ሙቀት በሽቦው ተቃውሞ፣ ማለትም የኤሌክትሪክን ፍሰት በሚያግድበት መጠን፣ እና በጅረቱ ካሬ ልክ እንደሚያድግ ጄምስ ጁል ያሳየው እ.ኤ.አ. በ1841 ነው (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው)። ሕጉ የቤት ዕቃ ለመሆን ግን ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ ወስዷል፤ ምክንያቱም ተራ ብረት ፍም እስኪመስል ሲግል ከአየሩ ኦክስጅን ጋር እየተዋሐደ ይሳሳና ይበጠሳል። መፍትሔው የተገኘው አሜሪካዊው አልበርት ማርሽ በ1906 ኒክሮም ለተባለው የኒኬልና የክሮምየም ቅይጥ የፈጠራ መብት ሲያገኝ ሲሆን፣ ይህ ቅይጥ ሲግል ላዩ ላይ ስስ የክሮምየም ኦክሳይድ ሽፋን ስለሚያበጅ ውስጡ ከአየር ይጠበቃል። በእንግሊዝም ቻርልስ ቤሊንግ በ1912 ኤንፊልድ ላይ ባቋቋመው ድርጅት እሳት በሚችል ሸክላ ላይ የተጠመጠመ የኒክሮም ሽቦ ያላቸውን ማሞቂያዎች ለገበያ አቀረበ። የኢትዮጵያው የኤሌክትሪክ ምጣድም በሸክላው ሥር በተቀረጸ ቦይ ውስጥ በተዘረጋ ሽቦ ስለሚሞቅ፣ በአሠራሩ የዚሁ ዕቃ የቅርብ ዘመድ ነው።

ኒክሮም ሽቦውን ከመበጠስ ቢያድነውም መጋረጃውንና ልብሱን ከእሳት አላዳነም፤ እንዲያውም ሳይበጠስ ለሰዓታት የሚግል ሽቦ አደጋውን አክብዶታል ማለት ይቻላል። በዚህም ምክንያት ብሪታንያ በ1952 ባወጣችው ሕግ ለሽያጭ የሚቀርብ ማሞቂያ የእሳት መከለያ እንዲኖረው አስገደደች። ከዚያ ቀደም ብሎ፣ በ1947፣ ባለ 13 አምፔር ፊውዝ ያለው መሰኪያ በደረጃ ወጥቶ ስለነበር፣ በዚያ አገር ማሞቂያ አልበራ ሲል በቅድሚያ የሚታየው የመሰኪያው ፊውዝ ነው። መሰኪያው ፊውዝ በሌለበት አገር ደግሞ ፍተሻው ከቆጣሪው አጠገብ ካለው ብሬከር ይጀምራል።

ሁለተኛው ማቋረጫ ቴርሞስታት ሲሆን፣ የሚሠራውም በሙቀት እኩል የማይለጠጡ ሁለት ብረቶች ተጣብቀው ሲጎብጡ ግንኙነትን በሚከፍቱበት ዘዴ ነው። ዘዴውን የሰዓት ሠሪው ጆን ሃሪሰን በ18ኛው ምዕተ ዓመት ለባሕር ሰዓቱ ተጠቅሞበታል። መዞሪያው ከክፍሉ ሙቀት በታች የተደረገ ማሞቂያ የማይበራውም በዚሁ ምክንያት ስለሆነ፣ ሌላ ነገር ከመፈታቱ በፊት መዞሪያውን እስከ መጨረሻው ማዞር ይገባል። በ1920ዎቹ አሜሪካዊው ጆን ስፔንሰር ያስፋፋው፣ ቀስ ብሎ ሳይሆን ድንገት ቀጭ ብሎ የሚገለበጥ ክብ ባለ ሁለት ብረት ዝርግ ደግሞ ከመጠን ያለፈ ሙቀትን ለማቋረጥ ተስማሚ ሆነ። የአየር ማስገቢያው በአቧራ ሲደፈን የሚከፈተው ብዙውን ጊዜ ይህን የመሰለ ክፍል ነው፤ በአንዳንድ ማሞቂያዎች ላይ አቧራው ቢጠረግም፣ መሰኪያው ተነቅሎ ዕቃው እስኪቀዘቅዝ ድረስ መልሶ አይገጥምም።

ሲወድቅ የሚያጠፋው ማቋረጫ በበርካታ ዓይነቶች ላይ ከመቀመጫው ሥር ብቅ ያለች ትንሽ ዘንግ ናት፤ ወለሉ ሽቅብ ሲገፋት ግንኙነቱ ይዘጋል። ማሞቂያው ወፍራም ምንጣፍ ላይ ከተቀመጠ ግን ዘንጓ በበቂ አትገፋምና ቀጥ ብሎ የቆመው ዕቃ እንደወደቀ ይቆጠራል። ይህን ሳያዩ ዕቃውን የሚፈቱ ሰዎች በከንቱ ይደክማሉ።

የመጨረሻው አንድ ጊዜ ብቻ የሚያገለግለው የሙቀት ፊውዝ ሲሆን፣ ከተቃጠለ በልኩ ይተካል እንጂ በሽቦ አይቀጠልም። የማሞቂያው ሽቦ ራሱ የሚመረመረው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው፦ መሰኪያው ተነቅሎ የሽቦው ሁለት ጫፎች በቴስተር ሲለኩ፣ ለ220 ቮልት የተሠራ ባለ 2000 ዋት ማሞቂያ በሙሉ ኃይሉ ወደ 24 ኦም ሊያሳይ ይገባል።