በቀሐ ዳር ያለው ዐጸድ

ጎንደር የገባሁት ስለ ሌላ ጉዳይ ነበር፤ ነገር ግን ወደ ደባርቅ የሚወስደኝ መኪና ተበላሽቶ እስከ ማግስቱ እንደማይነሣ በተነገረኝ ጊዜ፣ ሳላስበው የተረፈኝን ግማሽ ቀን ተቀምጬ ከማሳልፈው እግሬን ላፍታታ ብዬ፣ ከነገሥታቱ ግቢ ወደ ሰሜን ምዕራብ በሚወርደው መንገድ ሁለት ኪሎ ሜትር ያህል ተጕዤ ወደ ቀሐ ወንዝ ስቃረብ፣ በድንጋይ ቅጽር የተከበበና ዛፍ የተጫጫነው አንድ ዐጸድ በር ላይ ደረስኩ። የፋሲል መዋኛ ነበር። በሥዕል ብዙ ጊዜ አይቼዋለሁ፤ ጸጥታውን ግን ሥዕል አልነገረኝም።

ወሩ ጥቅምት ነበርና ሰፊው ገንዳ ደርቋል። በገንዳው ውስጥ በድንጋይ ቅስቶች ላይ የቆመው፣ በድልድይ የሚደረስበት ባለ ደርብ ሕንፃ፣ ጥላውን የሚጥልበት ውኃ አጥቶ በደረቁ ወለል ላይ ብቻውን ይታያል። ከሁሉ ይልቅ ዓይኔን የያዙት የዋርካዎቹ ሥሮች ናቸው፤ ቅጽሩን እንደ ጣት ጨብጠው፣ በድንጋዩና በኖራው መካከል ሰርገው፣ ግንቡ ሥሩን ደግፎት እንደሆነ ወይስ ሥሩ ግንቡን፣ ለመለየት እስኪያስቸግር ድረስ አንድ አካል ሆነዋል።

የስፍራው ባለቤት በሕዝቡ ዘንድ ዓፄ ፋሲለደስ ናቸው። በመንግሥት ስማቸው ዓለም ሰገድ የተባሉት እኒህ ንጉሠ ነገሥት፣ አባታቸው ዓፄ ሱስንዮስ የካቶሊክን ሃይማኖት በመቀበላቸው ሀገር በደም ከታጠበች በኋላ፣ በ1624 ዓ.ም. ዘውዱን ተረክበው የተዋሕዶን እምነት ወደ ቀድሞ ስፍራው መለሱ፤ ኢየሱሳውያንንም ከሀገር አስወጡ፤ በ1628 ዓ.ም. ደግሞ ጎንደርን መናገሻ አደረጓት። ከዚያ በፊት ብዙዎቹ ነገሥታት በድንኳን ከተማ ከስፍራ ወደ ስፍራ ሲዘዋወሩ ለኖሩባት ሀገር፣ በድንጋይና በኖራ የጸና መናገሻ ታላቅ ነገር ነበር። ከዐጸዱም ብዙ ሳይርቅ በዓምዶች ላይ የተተከለ ጕልላት ያለው ክብ ሕንፃ አለ፤ የንጉሡ ፈረስ የዞብል መቃብር ነው ይባላል። እንስሳን በዚህ ክብር ያሰበ ቤተ መንግሥት የልቡን ርኅራኄ ለእኛም አስቀርቶልናልና፣ ትውፊቱ እንዳይረሳ እመኛለሁ።

ስለ ገንዳው ግን ብዙ ማለት ይገባል። የጥምቀት ዋዜማ የሚጠራበት «ከተራ» የሚለው ቃል ሥርወ ግሡ «ከተረ» ነው፤ ውኃን አግዶ ማቆም ማለት ነው። በየገጠሩ ያለው ሕዝብ በጥር 10 ቀን ጅረቱን በድንጋይና በጭቃ ከትሮ ለታቦቱ ባሕረ ጥምቀት ሲያዘጋጅ፣ ጎንደሬው ይህንኑ ሥራ በንጉሥ ገንዳ ይፈጽመዋል፤ የቀሐን ውኃ በቦይ እየመሩ ገንዳውን ይሞሉታል፤ ታቦታቱ ከየአድባራቱ በካህናት ዝማሬና በሕዝብ እልልታ ታጅበው ወርደው ሌሊቱን በዚያ ያድራሉ፤ በ11 ንጋትም ጸሎተ ቅዳሴው ካለቀ በኋላ ውኃው ይባረካል፤ ያን ጊዜ ወጣቱ ከዳር ዘልሎ ይገባል። ጥምቀት በ2012 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም የማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ሲገባ ደስ ያለኝ በዚህ ምክንያት ነው፤ በከተማይቱ መካከል ያሉት ታላላቆቹ ግንቦች ባለቤታቸውን ሲያጡ፣ ይህ መዋኛ በየዓመቱ ቦዩን የሚጠርግለትና ውኃውን የሚመራለት ሕዝብ አላጣምና።

በበሩ አጠገብ ቅጠል የሚጠርጉ አንድ አዛውንት ነበሩ።

«አባቴ፣ ውኃው መቼ ይገባል?» አልኋቸው።

«ልጄ፣ ገናን ስንቃረብ ነው፤ አሁንማ ባሕሩ ተኝቷል» አሉኝ፤ መጥረጊያቸውንም አስደግፈው፣ ወደ ገንዳው ጠርዝ ወሰዱኝና በውስጠኛው ግድግዳ ላይ የዓመታት ውኃ ያሰመረውን ጥቁር መስመር በጣታቸው እየተከተሉ አሳዩኝ። መስመሩ ዙሪያውን አልተቋረጠም ነበር።