የሄልቪዲዮስ የጠፋ መጽሐፍ

በ383 (እ.ኤ.አ.) ገደማ ሮማ ላይ ሄልቪዲዮስ የሚባል ሰው፣ ማርያም ከኢየሱስ በኋላ ከዮሴፍ ሌሎች ልጆች ወልዳለች ብሎ ጻፈ። ማስረጃው ወንጌል ውስጥ በስም የተጠሩት የጌታ ወንድሞች ነበሩ። ኋላ መጽሐፍ ቅዱስን ወደ ላቲን የተረጎመው ጀሮም ዝም አላለውም። «ወንድም» የአክስት ልጅ ማለት ነው አለ። (እኛስ የአክስታችንን ልጅ «ወንድሜ» አይደል የምንለው?) የምሥራቁ ትውፊት ቀድሞ ልጆቹን ለዮሴፍ ሟች ሚስት ሰጥቷቸው ነበር፤ ጀሮም ግን ይህንንም አልተቀበለም፣ ዮሴፍም ድንግል ነው ባይ ነው።

እስቲ ልብ እንበል፤ ጠቡ ስለ ማርያም ብቻ አልነበረም። ሄልቪዲዮስ ጋብቻ ከድንግልና አያንስም ይላል፤ ጀሮም ደግሞ የሮማን ወይዛዝርት ለድንግልና ኑሮ የሚመክር መነኩሴ ነው። ማን እንደረታ የታወቀ ነው። የሄልቪዲዮስ መጽሐፍ ዛሬ የለም፤ ክርክሩን የምናገኘው ጀሮም ለመልሱ ሲል ከጠቀሰለት ላይ ነው፤ ያውም ባላገር፣ ፊደል በቅጡ ያልቆጠረ እያለ እየሰደበው።