ስለ ጥያ ትክል ደንጊያና ስለ እንሰት

ኢያሱ ወልደ ነዌ ከዮርዳኖስ 12 ደንጊያ አስወጥቶ በጌልገላ ማቆሙ ስለ ምን ነው ቢሉ፥ ልጆች በጠየቁ ጊዜ አባቶች ታሪኩን ይነግሯቸው ዘንድ ነው።

በጉራጌ አገር፥ በሶዶ፥ በጥያ 36 ትክል ደንጊያ አለ፤ 32ቱም ቅርፅ አለባቸው። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1980 ከዓለም ቅርስ ተቈጠረ። ሕዝቡ የግራኝ ደንጊያ ይለዋል፤ ነገር ግን ከሥሩ ተቈፍሮ የተገኘው መቃብር በ16ኛው መቶ ዓመት ከተነሣው ከግራኝ ይቀድማል። ከሰይፉ ጋራ የተቀረጸውን ቅጠል መሰል ምልክት እንሰት ነው የሚሉ አሉ።

የእንሰቱን ሥራ እናት ለልጅዋ ስላስተማረች መፋቁ፥ በጕድጓድ ማብላላቱ፥ ቆጮ መጋገሩ እስከ ዛሬ አልጠፋም። የደንጊያው ታሪክ ግን ነጋሪ ቢያጣ ላልሠራው ሰው ተሰጠ። ደንጊያ ያለ ነጋሪ ዲዳ ነውና፥ የምታውቁ ሁሉ ለልጆች እውነቱን ንገሩ።