የራሷ መሐንዲስ ያላት ከተማ

ስለ ማኅበራችን ታሪክ ሌሎች ስለሚጽፉ፣ እኛ ደግሞ ስላስጠለለችን ስለ ናይሮቢ ጥቂት እንበል። ነገራችን አንዲት ከተማ የራሷን መሐንዲስ በደመወዝ ትያዝ ወይስ ሥራ በመጣ ቁጥር ኮንትራክተር ትጥራ በሚለው ላይ ነው። (ዓመቶቹ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ናይሮቢን የቆረቆራት መሐንዲስ ነው ቢባል ውሸት አይሆንም። ሆኖም መሐንዲሱ የባቡር እንጂ የከተማ አልነበረም። የኡጋንዳ ባቡር ሐዲድ ከሞምባሳ ተነሥቶ 530 ኪሎ ሜትር ገደማ ተዘርግቶ ሜይ 30 ቀን 1899 እዚህ ደረሰ። ዋናው መሐንዲስ ጆርጅ ዋይትሃውስ ነበር። ቦታው የተመረጠው ሐዲዱ ተራራውን ከመውጣቱ በፊት ያለ ሰፊ ሜዳ ስለሆነና ውሃም ስለነበረው ነው። ለባቡር ጣቢያ የተመቸው ሜዳ ግን ለሰው መኖሪያ ረግረግ ሆነ። በ1902 ቸነፈር ገብቶ የህንዶች ገበያ እንዲቃጠል ተደረገ። ሐኪሞች ከተማው ከቦታው ይነሣ ብለው ቢመክሩም ጊዜው አልፏል ተባለ። የባቡሩ መሐንዲስ የተቀጠረበትን ሠርቷል፤ የሰፈሩ ፍሳሽ የእርሱ ጉዳይ አልነበረም።

ምኒልክ ገና የሸዋ ንጉሥ ሳሉ ይህን የተረዱት ይመስለናል። በ1879 የመጣው ስዊዛዊው መሐንዲስ አልፍሬድ ኢልግ አንድ ሥራ ጨርሶ አልሄደም። ከ25 ዓመት በላይ አገልግሎ ድልድይ ሠራ፣ ወደ ቤተ መንግሥቱም ውሃ በቧንቧ አስገባ።

ናይሮቢም በኋላ የራሷን የመሐንዲስ መሥሪያ ቤት አቋቋመች። በ1956 የሳሱሙዋ፣ በ1994 የንዳካይኒ ግድብ ውሃ ተጨመረላት። በ2003 ጎርፍና የመሬት መንሸራተት የሳሱሙዋን መስመር ሲሰብር ጄሪካን ይዘን የተሰለፍን እናስታውሳለን። በ2004 ደግሞ የውሃውን ሥራ የከተማው ምክር ቤት ንብረት የሆነ ኩባንያ ተረከበ።

«ሥራ በሌለ ጊዜ ደመወዝ ለምን ይከፈላል?» የሚሉ አሉ። እኛም ነጋዴዎች ነንና ክርክሩ ይገባናል። ነገር ግን ኮንትራክተር ሥራውን አስረክቦ ይሄዳል። ቧንቧው የት እንደተቀበረ፣ የትኛው ቦይ በዝናብ እንደሚሞላ የሚያውቀው እዚያው የሚቀረው ሰው ነው። ዋጋውንና ሥራውን መርምሮ «ይህ ልክ አይደለም» የሚል የራስ ሰው ከሌለ፣ ዕቃውን ከሻጩ በቀር የሚያውቀው የለም ማለት ነው። እንዲህ ያለ ገበያ ማንን እንደሚጎዳ ሱቅ ያለን ሰዎች እናውቃለን።

መቅጠር ብቻውንም አይበቃም። ኤፕሪል 29 ቀን 2016 ሁሩማ ውስጥ ወንዝ ዳር የነበረ ፎቅ ቤት በከባድ ዝናብ ተደርምሶ 50 ያህል ሰዎች ሞቱ። ቤቱ እንዲፈርስ አስቀድሞ ምልክት ተደርጎበት ነበር። አደጋውን ያየ ባለሙያ ነበረ ማለት ነው፤ ቃሉን የፈጸመለት ግን አልተገኘም።

ባለቤቱ ካልጮኸ ጎረቤት አይረዳም። የከተማም ባለቤት ነዋሪው ነውና፣ መሐንዲስ እንዲቀጠር፣ ሲናገርም እንዲሰማ መጠየቅ የእኛም የሁላችን ፈንታ ነው። ምሕንድስና የሚማሩ ልጆቻችንም ለዚህች ከተማ ሆነ ለአገር ቤት እንዲህ ያሉ ባለሙያዎች ይሁኑልን።