ከበሶ እስከ ፉርኖ፤ ስለ እህላችን አሰር ጥቂት ታሪክ

በዚህ መጽሔት የሚወጣው ጽሑፍ ስለ መዋጮና ስለ ድንኳን ዕቃ ይበዛዋል። እኔ ግን ዘንድሮ ስለምንበላው ነገር ጥቂት ልበል ብያለሁ። ምክንያቱም በቅርብ ዓመታት ከተቀመጥንባቸው ለቅሶዎች ውስጥ «ስኳር ነበረበት»፣ «ግፊት ነው የጣለው» የሚባልባቸው እየበዙ መምጣታቸውን ያልታዘበ እድርተኛ ያለ አይመስለኝም።

ነገሩን ከገብስ መጀመር ይሻላል። የላስታ ደጋ፣ በተለይም ከአቡነ ዮሴፍ ተራራ ሥር ያለው፣ የገብስ አገር ነው። ጤፉ ወይና ደጋውን፣ ማሽላው ወደ ተከዜ የሚወርደውን ቆላ ሲይዝ፣ ብርዱን የሚችለው ገብስ ከላይ ይቀራል። ሩሲያዊው የእህል ሊቅ ኒኮላይ ቫቪሎቭ በ1919 ዓ.ም. አገራችንን ዞሮ ከተመለከተ በኋላ፣ ኢትዮጵያን ከዓለም የእህል ዘር መፍለቂያዎች አንዷ አድርጎ የቆጠራት የገብሱንና የስንዴውን ዓይነት ብዛት አይቶ ነው። ለገና ላሊበላን የሚሳለም፣ ከዚያም ወደ ነአኩቶ ለአብ ዋሻ የሚወርድ መንገደኛ ስንቁ በሶ ነበር። ተቆልቶ የተፈጨ ገብስ ነውና እሳት አይፈልግም፣ ቶሎም አይበላሽም፤ በውኃ በጥብጦ መጠጣት ብቻ ነው። ከገብሱ ጋር ባቄላው፣ ሽምብራውና ምስሩ አለ። ጾሙን ሁሉ ለሚጠብቅ ሰው ደግሞ በዓመት ከ180 ቀን በላይ ማዕዱ እህልና ጥራጥሬ ብቻ ነው።

በዚህ ሁሉ ውስጥ ሐኪሞች ፋይበር የሚሉት፣ እኛ አሰር የምንለው ነገር ሞልቷል። አሰር ማለት ከአትክልትና ከእህል ውስጥ ሆድ ሊፈጨው የማይችለው ክፍል ነው። ታዲያ የማይፈጭ ነገር ምን ይረባል? ድሮ የተማሩትም ሰዎች እንዲሁ ነበር የሚሉት።

ሐሳቡን ያስለወጡት በአፍሪካ የሠሩ ሐኪሞች ናቸው። ሂዩ ትሮዌል የተባለው እንግሊዛዊ ለ30 ዓመት ገደማ በኬንያና በኡጋንዳ ሲያክም የስኳር በሽታም ሆነ የልብ ድካ በገጠሬው ላይ ብዙም አልገጠመውም። ዴኒስ በርኪት የተባለው የአየርላንድ ተወላጅ ቀዶ ጠጋኝም በካምፓላው ሙላጎ ሆስፒታል ሠርቷል። እ.ኤ.አ. በ1972 ባወጣው ጽሑፍ፣ የአፍሪካ ገጠር ሰው የበላው ምግብ በአንድ ቀን ተኩል ገደማ ከሆድ ሲወጣ፣ ነጭ ዳቦ የለመደው እንግሊዛዊ ግን ሦስት ቀንና ከዚያም በላይ እንደሚቆይበት አሳየ። ነገሩ ያስቃል፤ ሰውየው ግን ዓይነ ምድር ከማስመዘን አላፈረም።

እ.ኤ.አ. በ1988 ደግሞ ጄራልድ ሪቨን የተባለው አሜሪካዊ ሐኪም፣ የደም ግፊት፣ ከፍ ያለ ስኳርና የተዛባ የደም ቅባት ተያይዘው የሚመጡ መሆናቸውንና ሥራቸውም ሰውነት ለኢንሱሊን አልታዘዝ ማለቱ እንደሆነ አስረዳ። በኋላ የቦርጭ ነገር ተጨመረበትና ሜታቦሊክ ሲንድረም ተባለ። የገብስ አሰር የሚገባው እዚህ ላይ ነው። በገብስ ውስጥ ቤታ ግሉካን የሚባል አሰር አለ፤ አንጀት ውስጥ ገብቶ እንደ አጥሚት ይወፍርና ስኳሩ ወደ ደም የሚገባበትን ፍጥነት ያዘገያል፤ ሐሞቱንም ይዞ ስለሚወጣ ጉበት አዲስ ሐሞት ለመሥራት ከደም ውስጥ ኮሌስትሮል ለመውሰድ ይገደዳል። የአሜሪካ መንግሥት የምግብና የመድኃኒት ተቆጣጣሪ እ.ኤ.አ. በ2006 በቀን 3 ግራም የገብስ ቤታ ግሉካን ለልብ እንደሚረዳ በምግብ ማሸጊያ ላይ እንዲጻፍ ፈቅዷል። ሌላም ነገር አለ፤ የስንዴ አሰር በአብዛኛው ያለው በፉርሽካው ሲሆን፣ የገብሱ ቤታ ግሉካን ግን በፍሬው ውስጥ ሁሉ የተሠራጨ ነው። ስለዚህ እናቶቻችን በሙቀጫ ቢፈትጉትም አያልቅም። ጤፍም ፍሬው እጅግ ደቃቅ በመሆኑ ከነልባሱ ይፈጫል።

ለእኛ ግን ከሁሉ የበለጠው ማስረጃ የራሳችን ሰዎች ናቸው። በ1977 ዓ.ም. በሱዳን በኩል፣ በግንቦት 1983 ዓ.ም. ደግሞ ከ14,000 በላይ የሚሆኑት በሁለት ቀን ውስጥ በአውሮፕላን ወደ እስራኤል የሄዱት ቤተ እስራኤላውያን ከገጠር እንደወጡ ስኳር በሽታን እምብዛም አያውቁትም ነበር። እዚያ ግን ጤፉ በነጭ የስንዴ ዱቄት፣ ጠላው በለስላሳ ተተካ። እ.ኤ.አ. በ1988 የታተመ ጥናት፣ ከተመረመሩት ውስጥ ዕድሜያቸው ከ30 በታች ከሆነው ከ100ው ወደ 9 የሚሆኑት የስኳር በሽታ እንዳለባቸው ገለጸ። ከዚያ ወዲህ የተደረጉ ምርመራዎችም ብዙም ሳይወፍሩ ለበሽታው እንደሚጋለጡ አሳይተዋል። ጥፋቱ ሁሉ የዱቄቱ ነው ማለቴ አይደለም፤ እግር ማረፉም፣ ጭንቀቱም፣ የትውልድ ነገርም አለበት። የእኛም አባቶች ቀጭን የነበሩት በአሰር ብቻ አልነበረም። የ1966ቱንና የ1977ቱን ረኀብ ያየ ላስቴ ይህን አይስተውም።

እንግዲህ ወደ እድራችን ልመለስ። ድሮ ከቀብር ሲመለሱ እጅ ታጥቦ የሚቀርበው ንፍሮ ነበር፤ ስንዴው፣ ሽምብራው፣ ባቄላው ከነልባሱ። አሁን አሁን ግን በድንኳኑ ውስጥ የፉርኖ ዳቦና ለስላሳ መደርደር እንደ ክብር እየተቆጠረ ነው፤ ንፍሮ ያቀረበ ሐዘንተኛ ደግሞ እንደ ድኻ ይታያል። ፉርሽካውን ለከብት ሰጥተን ነጩን ለራሳችን አስቀረን፤ ከብቱ እኮ ብልጫ አገኘ! በሶውም ቢሆን በስኳር ካልተለወሰ አልጠጣም የሚል ወጣት በዝቷል። ጠላም ገብስ ነው ብሎ የሚከራከረኝ እንደማይጠፋ አውቃለሁ፤ ለእሱ መልሴ ብዙው አሰር ከአተላው ጋር ይቀራል የሚል ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2023 ለአዋቂ ሰው በቀን ቢያንስ 25 ግራም አሰር ይገባል ብሏል። ሽሮና ንፍሮ ለሚበላ ሰው ይህ ከባድ አይደለም። ለረጅም ጊዜ ፉርኖ የለመደ ሆድ ግን በአንድ ጊዜ ወደ ባቄላ ቢዞር ይነፋል፤ ቀስ በቀስ፣ ከውኃ ጋር መሆን አለበት። የስኳር መድኃኒት የሚወስዱ አባላትም ሐኪማቸውን ሳያማክሩ ክኒናቸውን እንዳይተዉ አደራ።

በመጪው ጠቅላላ ስብሰባ፣ ለለቅሶ ቤት ከምናወጣው ወጪ የለስላሳው ተቀንሶ የንፍሮ እህል እንዲገዛ ሐሳብ አቀርባለሁ። ትልቁ ድስት አሁንም ከዕቃ ቤታችን አለ፤ ክዳኑ ብቻ ነው የጠፋው።