ለምጽ ብለን የጠራነው

አምና እዚህ አቃቂ በምናመልክባት ቤተ ክርስቲያን ለወጣቶች ክፍል ዘሌዋውያን ምዕራፍ 13ን አስተምር ነበር። ለምጽን የኃጢአት ምሳሌ አድርጌ፣ ሥጋ እንዴት እየበሰበሰ እንደሚረግፍ ለማሳየት ጣቶቼን አጥፌ እጄን አወዛወዝሁ። ክፍሉ ሳቀ። ትምህርቱ ሲያበቃ አንድ ልጅ ሌሎቹ እስኪወጡ ጠብቆ ቀረበኝ። «ጋሼ፣ የአባቴ እጅ እንደዚያ ነው። ታክሞ ከዳነ ብዙ ዓመት ሆኖታል። አሁንም ርኩስ ነው ማለት ነው?» አለኝ።

በዚያን ዕለት የሰጠሁት መልስ እዚህ ሊጻፍ የሚገባው አይደለም። ማወቅ የነበረብኝን ነገር ከዚያ በኋላ አንብቤ ያገኘሁትን ግን ላካፍላችሁ። ዓመታቱን የምጠቅሰው በፈረንጆች አቆጣጠር ነው።

አስቀድመን ቃሉን እንለይ። ዘሌዋውያን 13ንና 14ን ረጋ ብላችሁ ብታነቡ፣ ያ ደዌ በሰው ቆዳ ላይ ብቻ ሳይሆን በልብስና በቤት ግድግዳ ላይም ሲወጣ ታገኙታላችሁ። እንግዲህ ዛሬ የሥጋ ደዌ ከምንለው በሽታ ጋር አንድ ነው ማለት አይቻልም። በዛሬው አማርኛችን ደግሞ ለምጽ የምንለው ብዙውን ጊዜ ቆዳ የሚነጣበትን፣ ከሰው ወደ ሰው የማይተላለፈውን ሌላ ሕመም ነው። የጥንቱ ካህን መሣሪያ ዓይኑ ብቻ ነበር። ያም ሆኖ አይቶ፣ ሰባት ቀን ቆይቶ፣ ደግሞ ያይ ነበር። እኔ ያን ያህል እንኳ አልታገሥሁም።

የሥጋ ደዌን ከዓይን አልፎ ያሳየው አጉሊ መነጽር ነው። በ19ኛው መቶ ዘመን ኖርዌይ በዚህ በሽታ በጣም ትቸገር ነበር። በበርገን ከተማ የነበረው ታላቅ ሐኪም ዳንኤልሰን በሽታው በዘር የሚወረስ ነው ብሎ ያምን ነበር። ጀርመናዊው ሩዶልፍ ቪርኮቭ በሽታን ከሕዋስ ጀምረን እንመርምር ብሎ ካስተማረ በኋላ በ1859 ወደ ኖርዌይ ሄዶ የታማሚዎችን ኅብረ ሕዋስ አየ፤ ሆዳቸው ያበጠ ሕዋሶችንም ለየ። በውስጣቸው ያለውን ግን አላወቀም። ያን ያየው የዳንኤልሰን አማች ጌርሃርድ አርማወር ሐንሰን ነው። በ1873፣ በ31 ዓመቱ፣ ከታማሚ እብጠት በወሰደው ናሙና ውስጥ ትንንሽ በትር የሚመስሉ ነገሮች አገኘ። የዘር ርግማን የተባለው ነገር ባክቴሪያ ሆኖ ተገኘ።

ነገር ግን ይኸው ሐንሰን በ1879 በሽታው መተላለፉን ለማረጋገጥ ሲል ሳያስፈቅዳት የአንዲት ታማሚ ዓይን ላይ የሌላ ታማሚ ናሙና በመርፌ ጫረባት። ፍርድ ቤት በ1880 ከሆስፒታል ሐኪምነቱ አነሣው። ባክቴሪያውን በጥራት ያየ ሰው ፊቱ የተቀመጠችውን ሴት አላያትም። ይህን ሳነብ በክፍሌ ውስጥ ያጠፍኋቸው ጣቶቼ ትዝ አሉኝ።

ወደ አገራችን እንምጣ። ዶክተር ቶማስ ላምቢ የመሩት የሱዳን ኢንቴርየር ሚሽን ቡድን አዲስ አበባ የገባው በ1927 መጨረሻ ነው። ወንጌልን ይዘው የመጡት እነዚሁ ሰዎች በ1930ዎቹ መጀመሪያ ከከተማው ዳር የሥጋ ደዌ ሕሙማን የሚታከሙበትን ቦታ አቋቋሙ። ሆስፒታሉ በልዕልት ዘነበወርቅ ስም ተጠራ፤ ሰፈሩም እስከ ዛሬ ዘነበወርቅ ይባላል። ከቃሊቲ በቀለበት መንገድ ወደ አየር ጤና ስትሄዱ ታገኙታላችሁ። በዚያው ቦታ በ1965 ከመላው አፍሪካ ለሚመጡ ባለሙያዎች ማሠልጠኛ የሆነው አለርት ተመሠረተ። በ1970 ደግሞ በኖርዌይና በስዊድን የሕፃናት አድን ድርጅቶች ድጋፍ በግቢው ውስጥ አርማወር ሐንሰን የምርምር ኢንስቲትዩት ተከፈተ።

የዚህን በሽታ ባክቴሪያ እስከ ዛሬ በላቦራቶሪ ምግብ ላይ ማብቀል አልተቻለም። ስለዚህ አጉሊ መነጽሩ ብዙ ሥራ አለበት። ከታማሚው ቆዳ ትንሽ ናሙና ይወሰዳል፤ በፎርማሊን ይቆያል፤ በሰም ውስጥ ይደርቅና የሚሊሜትር አንድ ሁለት መቶኛ ያህል ስስ ሆኖ ይቆረጣል፤ ከዚያ ይቀለማል። ጤናማ ነርቭ በስላይዱ ላይ ጎን ለጎን የተኛ የክር ጥቅል ይመስላል። ወላጆቻችሁ በአቃቂ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ሠርተው ከሆነ የክርን ነገር ለእናንተ መንገር አያስፈልግም።

የታመመው ግን ሁለት ጫፍ አለው። በአንደኛው ጫፍ የሰውነት ተከላካይ ሕዋሶች ባክቴሪያውን ይውጡታል እንጂ አይገድሉትም። ሆዳቸው በባክቴሪያና በስብ ተሞልቶ አረፋ ይመስላሉ። ቪርኮቭ ያያቸው እነዚህን ነበር። በሌላው ጫፍ ባክቴሪያ ፈልጎ ማግኘት እንኳ ያስቸግራል፤ ጉዳቱ ግን ከባድ ነው። ተከላካይ ሕዋሶቹ ራሳቸው በነርቩ ዙሪያና ውስጥ ተከማችተው ያንን የክር ጥቅል ይበጣጥሱታል። ሌባ ሊይዙ የገቡ ጎረቤቶች ቤቱን እንዳፈረሱት ማለት ነው። ሪድሊና ጆፕሊንግ የተባሉ ሐኪሞች በ1966 ከጫፍ እስከ ጫፍ ያለውን በአምስት ደረጃ ከፈሉት፤ ባለሙያዎች ዛሬም ይጠቀሙበታል።

እስቲ ክርናችሁን ከውስጥ በኩል ዳስሱት። ሲመታ እንደ ኤሌክትሪክ የሚነዝረው ነርቭ እዚያ ከቆዳው ሥር አለ። ባክቴሪያው ቀዝቀዝ ያለ ቦታ ስለሚወድ እንዲህ ያሉትን ነርቮች ያጠቃል። ነርቩ ሲሞት ጣቶች ይታጠፋሉ፣ ሕመምም አይሰማም። በሕንድ ያገለግሉ የነበሩት ሚሲዮናዊ የቀዶ ሕክምና ሐኪም ፖል ብራንድ ያስተማሩት ትልቅ ነገር ይህ ነው፦ ሥጋው በራሱ አይረግፍም። ሕመም ያልተሰማው እጅ ትኩስ ድስት ያነሣል፣ ይቆስላል፣ ቁስሉ ይመረቅዛል፤ ጣት የሚጠፋው በዚህ መንገድ ነው። እኔ በክፍሉ ፊት የተናገርሁት ስሕተት ነበር።

በ1973 ደግሞ የኢንስቲትዩቱ የመጀመሪያ ዳይሬክተር ቶሬ ጎዳል ከነጋሲ ጋር ያወጡት ጥናት ሌላ ነገር አሳየ። ከታማሚዎች ጋር ከሚኖሩና ከሚሠሩ ጤነኞች የብዙዎቹ ደም ባክቴሪያውን ያውቀዋል፤ ሰዎቹ ግን አልታመሙም። የአብዛኛው ሰው ሰውነት ያሸንፈዋል ማለት ነው። ከታማሚ አጠገብ መቀመጥ የሚያስፈራን ሳይንስ አስፈርቶን አይደለም።

መድኃኒቱም አለ። ዳፕሶን ለብቻው ሲሰጥ ባክቴሪያው እንደሚለምደው በ1970ዎቹ እዚሁ አዲስ አበባ ጭምር ተረጋግጦ ነበር። የዓለም ጤና ድርጅት ባለሙያዎች ከ1981 ጀምሮ መድኃኒቶችን አቀናጅቶ መስጠትን መከሩ። ዛሬ ሕክምናው ከስድስት ወር እስከ አንድ ዓመት ይፈጃል፤ መድኃኒቱ በነጻ ነው። ባክቴሪያው ይሞታል፤ የሞተ ነርቭ ግን አይመለስም። ስለዚህ ፈዘዝ ያለ ወይም ቀላ ያለ፣ ሲነኩት የማይሰማ ቦታ በቆዳችሁ ላይ ብታዩ አትደብቁት፤ ጤና ጣቢያ ሂዱ። ብዙዎች የሚዘገዩት በበሽታው ምክንያት አይደለም። እንደ እኔ ያለ አስተማሪ የሚናገረውን ፈርተው ነው።

በሚቀጥለው ሳምንት ክፍሉን ሰብስቤ ስሕተቴን ነገርኋቸው። የልጁን ነገር አላነሣሁም። ከወር በኋላ ቤታቸው ሄድሁና አባቱን ይቅርታ ጠየቅሁ። እርሳቸው ሳቁና «ይልቅ ቡናው ይቅረብ» አሉ። ስኒውን ሲያነሡ በእጥፍ ጨርቅ ይዘውት ነበር፤ ትኩሱ ስለማይሰማቸው። በሽታው ከለቀቃቸው ብዙ ዓመት ሆኗል፤ ጨርቁን ግን በየቀኑ ይይዙታል። ስወጣ እጃቸውን ጨበጥሁ። ስለ እርሳቸው እንድጽፍ ፈቃዳቸውን ጠይቄ፣ «ስሜን ተወውና ጻፍ፤ ልጆቹ ይወቁ» ብለውኛል።