ድረ-ገጾችን በተለያየ ሰርቨር ላይ ማስቀመጥ በጎግል ፍለጋ ከፍ ያደርጋል ወይ?

የዛሬው ጽሑፍ በዋናነት በየካምፑ ሆነው ድረ-ገጽ ለሚያዘጋጁ ልጆች ነው። ሌላውም ቢያነበው ግን አይጎዳም፤ ወደ መጨረሻው ስልክ ይዞ ጎግል ላይ የሚፈልግን ሁሉ የሚመለከት ነገር አለ።

አንድ ወዳጃችን ከጓደኞቹ ጋር ሆኖ ሦስት ድረ-ገጾች ያዘጋጃል። አንዱ የስደተኞች ዜና ነው፣ አንዱ የእግር ኳስ፣ ሦስተኛው የሥራና የሥልጠና ማስታወቂያ የሚወጣበት። ሦስቱም በአንድ ርካሽ ሆስቲንግ ላይ ነበሩ፤ አንዱ ወደ ሌላው የሚወስድ ሊንክም አላቸው። በቴሌግራም የተዋወቀው አንድ ሰው ታዲያ "ጎግል ሦስቱንም አንድ ሰርቨር ላይ ስለሚያያቸው ነው ወደ ታች የጣላችሁ። ለየብቻ ሰርቨር፣ ለየብቻ አይፒ ግዙ፣ ያኔ ሊንካችሁ ዋጋ ያገኛል" አለው። ልጁ ሪያድ ያለችው እህቱ ከላከችለት ብር ላይ ቀንሶ ከፈለ። ይኸው አራት ወር ሆነው፣ ደረጃው ንቅንቅ አላለም።

መልሱን ከወዲሁ እንናገር። በአንድ ሰርቨር ላይ አብሮ መቀመጥ ደረጃ አይቀንስም፤ ለየብቻ ማስቀመጥም ደረጃ አይጨምርም። ነገር ግን ሰውየው የተናገረው ከሜዳ የተነሳ ወሬ አይደለም፣ ሥር አለው። ብዙ ሰው የሚታለለውም በዚህ ምክንያት ስለሆነ ሥሩን ማየት ይጠቅማል። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶች በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

መጀመሪያ ሰርቨርና አይፒ ምን እንደሆኑ እንግባባ። ሰርቨር ማለት ቀንም ሌሊትም ሳይጠፋ ገጾችን ለጠያቂ የሚያቀርብ ኮምፒውተር ነው። አይፒ አድራሻ ደግሞ ኮምፒውተሩ በኢንተርኔት ላይ የሚገኝበት ቁጥር ነው፤ በነጥብ የተለያዩ አራት ቁጥሮች አሉት። እኛ በምናውቀው ብንመስለው የብሎክ ቁጥር ማለት ነው። በአንድ ብሎክ ብዙ ቤተሰብ ይኖራል፣ በአንድ አይፒም ብዙ ድረ-ገጽ ይኖራል። ስልካችሁ ገጽ ሲጠይቅ ቁጥሩን ብቻ ሳይሆን የድረ-ገጹን ስም ጭምር ስለሚናገር ሰርቨሩ የማን ቤት እንደተንኳኳ አይጠፋውም።

ይህ የድሃ አኗኗር አይምሰላችሁ። የቆየው የአይፒ አሠራር በጠቅላላው ያለው 4.3 ቢሊዮን ገደማ አድራሻ ብቻ ሲሆን፣ ለየአህጉሩ የሚከፋፈልበት ዋናው ቋት በፌብሩዋሪ 2011 ባዶ ሆኗል። ዓለም በሙሉ ተዳብሎ ነው የሚኖረው። ጎግል በአንድ ብሎክ የተገኘውን ሁሉ ዘመዳሞች ናችሁ ብሎ ቢቀጣ ኖሮ የሚተርፍለት ገጽ ጥቂት በሆነ ነበር።

ወሬው ከየት መጣ? ላሪ ፔጅና ሰርጌ ብሪን በ1998 ከስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ይዘውት የወጡት የጎግል መሠረታዊ ሐሳብ ሊንክን እንደ ምስክርነት መቁጠር ነበር። አንድ ገጽ ወደ ሌላ ገጽ ሊንክ ሲያደርግ "ይህ ሊታይ የሚገባው ነው" ብሎ እንደመሰከረ ይወሰዳል። የታመነ ገጽ ምስክርነት ደግሞ ካልታመነው ይበልጣል። ያማረ ሐሳብ ነው፣ ግን ወዲያው ችግር መጣ። ሰው ለራሱ አሥር ድረ-ገጽ ከፍቶ አሥሩንም እርስ በርስ ማስመስከር ጀመረ።

መፍትሔ ከፈለጉት መካከል ክሪሽና ባራትና ጆርጅ ሚሃይላ ይገኙበታል። ባራት በኋላ የጎግልን የዜና አገልግሎት የጀመረው ሰው ነው። ሁለቱ "ሂልቶፕ" ብለው በሰየሙት አሠራር ላይ እርስ በርስ የተዛመዱ ድረ-ገጾች ምስክርነት እንደ አንድ እንዲቆጠር ሐሳብ አቀረቡ። ዝምድናውን የለዩት በሁለት ምልክት ነው፦ የአይፒ አድራሻቸው የመጀመሪያዎቹ ሦስት ቁጥሮች አንድ ከሆኑ፣ ወይም የድረ-ገጻቸው ስም ዋና ቃል አንድ ከሆነ። ከሁለቱ አንዱ ከተገኘ ይበቃል፤ ሁለቱም እንደ ዘመድ ይታያሉ።

እንግዲህ ነጋዴዎቹ የመጀመሪያውን ምልክት ይዘው ሮጡ። ሦስቱ ቁጥሮች የማይመሳሰሉባቸው አይፒዎችን ሰብስበው "ለጎግል የሚሆን ሆስቲንግ" እያሉ በውድ መሸጥ ጀመሩ። ያ ጥናት ከወጣ ከሃያ ዓመት በላይ ሆኖታል። ገበያው ግን እስካሁን አለ፣ ወዳጃችንም የገባው እዚያው ገበያ ውስጥ ነው።

የጎግል ሰዎች በጉዳዩ ላይ ዝም አላሉም። ከመሥራቾቹ ቀጥሎ የመጀመሪያው የጎግል ተቀጣሪ የነበረው ክሬግ ሲልቨርስቲን አንድ አይፒ የሚጋሩ ድረ-ገጾችም ሆኑ ሊንኮቻቸው የራሳቸው አይፒ ካላቸው እኩል እንደሚታዩ ተናግሯል። በዚያን ጊዜ ስፓምን የሚከላከለውን ክፍል ይመራ የነበረው ማት ካትስም በ2006 ይህንኑ ደግሞ አረጋገጠ። ሲልቨርስቲን ያስቀመጠው አንድ ቅድመ ሁኔታ ብቻ ነው፤ ሆስቲንግ ሰጪው ሥራውን በትክክል ይሥራ የሚል።

"እሺ፣ እነሱማ ሊደብቁ ይችላሉ" የሚል ይኖራል። ተገቢ ጥርጣሬ ነው። ስለዚህ ከቃላቸው ይልቅ የሆነውን እንይ።

በ2011 መጀመሪያ ጄሲ ፔኒ የተባለው ትልቅ የአሜሪካ የሱቅ ድርጅት በልብስም፣ በአልጋ ልብስም፣ በቤት ዕቃም ቃላት ጎግል ላይ ቀዳሚ ሆኖ ነበር። ኒው ዮርክ ታይምስ ጋዜጣ ነገሩን ሲያስጠና ከድርጅቱ ሥራ ጋር ምንም በማይገናኙ እጅግ ብዙ ድረ-ገጾች ላይ ወደ ጄሲ ፔኒ የሚወስዱ ሊንኮች ተሰግስገው ተገኙ። ጎግል እንዳወቀ እርምጃ ወሰደ። ጋዜጣው በተከታተላቸው 59 የፍለጋ ቃላት የድርጅቱ አማካይ ደረጃ ፌብሩዋሪ 1 ላይ 1.3 ነበር፤ ፌብሩዋሪ 10 ላይ 52 ሆነ። ድርጅቱ አላውቅም ብሎ የፍለጋ አማካሪዎቹን አባረረ። ልብ በሉ፣ ሊንኮቹ የመጡት ባለቤታቸውም ቦታቸውም ከተለያየ ገጾች ነው። ያጋለጣቸው አይፒ አይደለም። የማይገናኝ ነገር ከማይገናኝ ገጽ ላይ በገፍ መታየቱ ነው።

ከዚያ በኋላ ነገሩ እየጠበቀ ሄደ። በኤፕሪል 2012 "ፔንግዊን" የሚባለው ማሻሻያ ወጣና በሊንክ ማጭበርበር የወጡትን በብዛት አወረደ። በሴፕቴምበር 2014 ደግሞ ሆን ተብለው በተለያየ ሆስቲንግ ላይ የተበተኑ፣ ለሊንክ ብቻ የተሠሩ የብሎግ መረቦች ላይ ጎግል በእጅ ቅጣት ጣለ። መበተኑ አላዳናቸውም። ከ2016 ወዲህ ደግሞ ፔንግዊን በአብዛኛው የሐሰት ሊንኩን ዋጋ ማሳጣት እንጂ ድረ-ገጹን ማውረድ ትቷል። ይህ ለእኛ ትልቅ ትርጉም አለው። ገንዘባችሁን ከፍላችሁ፣ ቅጣትም ሳይመጣ፣ ማስጠንቀቂያም ሳይደርሳችሁ፣ ምንም ሳይሆን ይቀራል። ወዳጃችን አራት ወር የጠበቀው ይህንን ባዶ ነገር ነው።

ደግሞስ ሰርቨር ቢለያይ ምን ይደበቃል? ገጾቹ ያው ዲዛይን፣ ያው ጸሐፊ፣ ያው የአንባቢ መቁጠሪያ ኮድ፣ ያው ስልክ ቁጥር አላቸው። ሦስቱ እርስ በርስ ይጠቃቀሳሉ፣ ከውጭ ግን የሚጠቅሳቸው የለም። ይህን ለማየት ጎግል መሆን እንኳ አያስፈልግም፣ ጎረቤት ያየዋል።

ታዲያ የራስን ድረ-ገጾች ማገናኘት ክልክል ነው? ኧረ በፍጹም። የዜናው አንባቢ የሥልጠና ማስታወቂያ የሚፈልግ ከሆነ እዚያው ሊንኩን ስጡት፤ ጠቅሞት ይሄዳል። የአማርኛውን ገጽ ከእንግሊዝኛው ወይም ከትግርኛው ጋር ማገናኘትም የተለመደና የሚመከር ነው። ለዚህ የትኛው ገጽ በየትኛው ቋንቋ እንደሆነ ለጎግል የሚነግር የኮድ ምልክት አለ፤ ድረ-ገጽ የሚሠራላችሁን ልጅ ብትጠይቁት ያውቀዋል። መጥፎው ነገር በእያንዳንዱ ገጽ ግርጌ አሥር ሃያ ሊንክ ደርድሮ ማንም እንደማይነካው እያወቁ ለጎግል ብቻ መተው ነው።

አሁን ሰርቨር በእውነት ልዩነት የሚያመጣበትን እንይ፤ የለም አላልንምና።

አንደኛው ፍጥነት ነው። ጎግል የገጽን ፍጥነት ለኮምፒውተር ፍለጋ ከ2010፣ ለሞባይል ደግሞ ከጁላይ 2018 ጀምሮ ከመመዘኛዎቹ አንዱ አድርጎታል። ሚዛኑ ትንሽ ነው፤ ጥሩ ጽሑፍ ያለው ዘገምተኛ ገጽ ባዶ ከሆነ ፈጣን ገጽ ሊበልጥ ይችላል። ግን ጎግልን ተዉት፣ ኔትወርኩ ደካማ በሆነበት ካምፕ በገዛው ትንሽ ዳታ የሚያነበውን ሰው አስቡት። አንድ ያልተቀነሰ ትልቅ ፎቶ ዳታውን ይበላበታል። እሱን ለማስተካከል አዲስ ሰርቨር አያስፈልግም፣ ፎቶውን ማሳነስ ይበቃል።

ሁለተኛው መጥፋት ነው። ሰርቨሩ ቶሎ ቶሎ የሚወድቅ ከሆነ የጎግል ጎብኚ ፕሮግራም ጉብኝቱን ይቀንሳል፤ ስህተቱ ለቀናት ከቀጠለም ገጾቹን ከፍለጋ ሊያወጣቸው ይችላል።

ሦስተኛው ብዙ ሰው የማያስበው ነው። ሦስት ድረ-ገጾች በአንድ የሆስቲንግ አካውንት፣ በአንድ የይለፍ ቃል ሥር ካሉ፣ አንዱ በሰርጎ ገብ ሲያዝ ሌሎቹም አብረው ይያዛሉ። ያን ጊዜ ጎግል "ይህ ገጽ ተጠልፎ ሊሆን ይችላል" ብሎ አንባቢን ያስጠነቅቃል፤ አንባቢም ይሸሻል። አካውንትን መለየት በዚህ በኩል ዋጋ አለው። ምክንያቱ ግን ደኅንነት ነው እንጂ ደረጃ አይደለም፤ ለዚህም ውድ አይፒ መግዛት አያሻም።

መጀመሪያ ላይ ሁሉንም ይመለከታል ያልነው ነገር ይኸው። የድረ-ገጽ መረብ የሚዘረጋው የፎጣና የሻንጣ ነጋዴ ብቻ አይደለም። የሪሴትልመንት ፎርም እንሞላለን፣ ስፖንሰር እናገናኛለን እያለ ገንዘብ የሚጠይቅም አሥር ድረ-ገጽ ከፍቶ እርስ በርስ ሊያስመሰክር ይችላል። ጎግል ብዙውን ያጣራል እንጂ ሁሉንም አያጣራም። በተለይ በአማርኛ የተጻፈ ገጽ ጥቂት ስለሆነ መጥፎውም ከላይ ሊታይ ይችላል። አንድ ነገር አምስት ገጽ ላይ ስላነበባችሁት አምስት ምስክር አለው ማለት አይደለም። ጽሑፉ ቃል በቃል አንድ ከሆነ፣ የሚደወልበት ቁጥርም አንድ ከሆነ፣ ተናጋሪው አንድ ሰው ነው። የዩኤንኤችሲአር አገልግሎት፣ ሪሴትልመንትን ጨምሮ፣ በነጻ ነው፤ በየትኛውም ደረጃ ክፍያ የለውም።

ወደ ወዳጃችን እንመለስ። ሁለቱን ተጨማሪ ሰርቨሮች ዘግቶ ሦስቱንም ወደ ድሮው ሆስቲንግ መልሷል፣ ለየአካውንታቸውም የተለያየ የይለፍ ቃል አድርጓል። ከዚያ ጎግል ለድረ-ገጽ ባለቤቶች በነጻ በሚሰጠው ሰርች ኮንሶል ላይ ተመዘገበ። እዚያ ሰዎች ምን ብለው ሲፈልጉ ገጹ ብቅ እንደሚል፣ ከውጭ ማን ሊንክ እንዳደረገለት፣ በእጅ የተጣለ ቅጣት ካለም ያያል። ቅጣት አልነበረበትም። ከውጭ ሊንክ ያደረገለትም ሰው አልነበረም። ሰዎች ይፈልጉት የነበረው ደግሞ እሱ አንድም ቀን ያልጻፈበትን ነገር ነበር፦ የመውጫ ፈቃድ እንዴት እንደሚጠየቅ። በሚቀጥለው ሳምንት ስለዚያ እየጻፈ ነው። የተረፈችውን ብር ለዶሜይኑ የዓመት እድሳት አስቀምጧታል፤ ዶሜይኑ በሻጩ ስም ተመዝግቦ ስለነበር መጀመሪያ በራሱ ስም አዛውሯል።